ጫማው ሳይወልቅ የታዘዘ ሽልማት፦ ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች በሽልማት ስለ ማንቀሳቀስ የቀረበ ሂስ

ኦቲዝም ያለበት ልጃቸው «ከተቀመጠበት አይነሣም» ብለው ወደ ክፍላችን የሚመጡ ወላጆች ጥቂት አይደሉም። ብዙዎቻችን የምንሰጣቸው ምክርም ተመሳሳይ ነው፦ «ሲንቀሳቀስ ይሸልሙት»። ምክሩ ቀላል ነው፤ ልዩ መሣሪያ አይጠይቅም፤ በአንድ ወረቀትና በአንድ እስክርቢቶ ሊጀመር ይችላል። የረጅም ዘመን የምርምር መሠረትም አለው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ምክሩን ከሥሩ ለመንቀል የተነሣ አይደለም። ጸሐፊው የሚነቅፈው ምክሩ የሚታዘዝበትን ችኮላ ነው።

ሽልማት የሚያክመው ችግር አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የፍላጎት ማነስ ነው። ልጁ የማይንቀሳቀሰው አንድ ነገር ስለሚያመው፣ የተባለውን ስላልተረዳ፣ አካባቢው ስለሚያስጨንቀው፣ ወይም የሚንቀሳቀስበት ቦታ ስለተነፈገው ከሆነ ሽልማቱ ምክንያቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያስወግደውም። ይባስ ብሎም ሽልማቱ ጠንካራ ከሆነ ልጁ ሕመሙን ችሎ እንዲንቀሳቀስ ያደርገዋል፤ እኛም «ተሳካ» ብለን በካርዱ ላይ እንጽፋለን። ይህን የምለው ከመጻሕፍት ብቻ ተነሥቼ አይደለም፤ ራሴ ስለፈጸምኩት ነው።

መነሻ የሆነው ገጠመኝ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በተመላላሽ ሕክምና ክፍል የምከታተለው አንድ የ9 ዓመት ልጅ ነበር። ጥቂት ቃላት ብቻ ይናገራል። ራሱን በመምታትና ከባድ ቁጣ በማሳየት ምክንያት ሪስፔሪዶን ተጀምሮለት ነበር። መድኃኒቱ ቁጣውን አብርዶለታል፤ ነገር ግን በ10 ወራት ውስጥ ክብደቱ ከ29 ወደ 37 ኪሎ ግራም ከፍ አለ። እኔም ለእናቱ በወረቀት ላይ 5 ሣጥኖች ሥዬ ሰጠኋቸው። ልጁ ግቢውን አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር በአንዱ ሣጥን ላይ ኮከብ ይሣልለታል፤ አምስቱ ሲሞሉ አንድ ብስኩት ያገኛል። ሁሉም ነገር ከ10 ደቂቃ በታች አለቀ።

ከ6 ሳምንት በኋላ እናቱ ወረቀቶቹን በጥንቃቄ አጥፈው ይዘውልኝ መጡ። ሣጥኖቹ ሁሉ ሞልተዋል። እኔ ደስ አለኝ፤ እርሳቸው ግን ፊታቸው አልፈካም። «ዶክተር፣ መዞሩንስ ይዞራል» አሉኝ። «ግን ዐይኑ እጄ ላይ ነው። ብስኩቱ ያለቀ ቀን መሬት ላይ ተኝቶ ያለቅሳል። ደግሞ ሲዞር ሁለት ጆሮውን በእጁ ይዞ ነው።» ሚዛን ላይ ሳወጣው 39 ኪሎ ግራም ሆኗል።

ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጫማውን አስወለቅኩት። ጫማው ለእግሩ በሁለት ቁጥር ያንስ ነበር። ጣቶቹ ተጣጥፈው በትልቁ ጣት ጥፍር ዙሪያ ቆስሏል። ሲቆም የእግሩ ቅስት ይተኛል፤ የቁርጭምጭሚቱና የጉልበቱ መገጣጠሚያዎችም ከልክ በላይ የላሉ ናቸው። ከዚያም ሊጠየቅ ይገባ የነበረውን ጥያቄ ዘግይቼ ጠየቅኩ፦ «ግቢዎ አጠገብ ምን አለ?» እናቱም ወዲያው «ወፍጮ ቤት» አሉ።

ልጁ ለ6 ሳምንታት በቆሰለ እግር፣ ሊቋቋመው በማይችለው ድምፅ አጠገብ፣ ለብስኩት ሲል ዞሯል። መለኪያው ኮከብ ቢሆን ኖሮ ሕክምናዬ የተዋጣለት ነበር። «ያመኛል» ብሎ መናገር የማይችል ልጅ የነበረው ብቸኛ መናገሪያ አለመንቀሳቀሱ ነበር፤ እኔ ደግሞ ያንን በብስኩት ገዛሁት።

ዘዴው ከየት መጣ?

የሽልማት ዘዴ ሥሩ ባህርይን በውጤቱ የመቅረጽ ትምህርት ነው። ቢ. ኤፍ. ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመው መጽሐፉ አንድ ድርጊት የሚደጋገመው ወይም የሚከስመው በሚያስከትለው ውጤት እንደሆነ በእንስሳት ላይ ባደረጋቸው ሙከራዎች አስረዳ። ይህንን ወደ ሆስፒታል ያስገቡት ቴዎዶሮ አይሎንና ናታን አዝሪን ናቸው። እነርሱም በ1960ዎቹ በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት በሚገኘው አና የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ለረጅም ጊዜ ተኝተው ለሚታከሙ ሕሙማን ለሠሩት ሥራ በሚፈልጉት ነገር የሚመነዘር ምልክት መስጠት ጀመሩ፤ ሥራቸውንም እ.ኤ.አ. በ1968 በመጽሐፍ አወጡት። ዛሬ በየክሊኒኩ የምንሥለው የኮከብ ሠንጠረዥ የዚያ ዘዴ የልጅ ልጅ ነው።

በእነዚሁ ተመራማሪዎች ሥራ ውስጥ ግን አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ውጤት አለ። እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጡት ጽሑፍ እንዳሳዩት፣ ምልክቱ መሰጠቱ ሲቆም የሕሙማኑ የሥራ ተሳትፎ አሽቆለቆለ፤ ምልክቱ ሲመለስ ተሳትፎውም ተመለሰ። ለእነርሱ ይህ ዘዴው እንደሚሠራ የሚያረጋግጥ ማስረጃ ነበር፤ በሙከራ ሥርዓትም ትክክል ናቸው። ዕድሜ ልኩን ሊንቀሳቀስ የሚገባው ልጅ በኃላፊነት ለተሰጠን ለእኛ ግን ያው ውጤት ማስጠንቀቂያ ነው። ሽልማቱ ሲቆም የሚቆም እንቅስቃሴ የልጁ ንብረት አልሆነም ማለት ነው።

በኦቲዝም ሕክምና ዘዴውን ያስፋፋው ኢቫር ሎቫስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ጥናት በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ሥልጠና ካገኙት 19 ልጆች መካከል 9ኙ በአእምሮ ምዘናና በትምህርት ቤት ከእኩዮቻቸው ጋር ተስተካከሉ ብሎ ዘገበ። ልጆቹ በዕጣ የተመደቡ ስላልነበሩ ውጤቱ ለብዙ ክርክር ተዳርጓል። ሥልጠናው ከሽልማት በተጨማሪ ተግሣጽንና ጭን ላይ መምታትን ያካተተ እንደነበርም መዘንጋት የለበትም። ከዚህ ጥናት ይልቅ ለእኛ የሚጠቅመው ግን ሎቫስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጡት የክትትል ጥናት ነው። ከሥልጠናው በኋላ ወደ ማቆያ ተቋም የተመለሱት ልጆች ያገኙትን ሲያጡ፣ ወላጆቻቸው ዘዴውን የሠለጠኑላቸው ልጆች ግን ያገኙትን ይዘው ቆይተዋል። ለውጡን ያጸናው የሽልማቱ ብዛት ሳይሆን የዕለት ኑሯቸው መሆኑን ልብ ይሏል።

የዘዴው ብርታት

ሂስ ሚዛናዊ ሊሆን ይገባዋልና የዘዴውን ብርታት ሳያነሡ ማለፍ ተገቢ አይሆንም።

በመጀመሪያ፣ ግቡ ራሱ የሚደከምለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ መካከለኛና ከዚያ በላይ ጥንካሬ ያለው እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል፤ አካል ጉዳት ላለባቸው ልጆችም ይኸው ምክር በስም ተጠቅሷል። በኦቲዝም ረገድም ከርንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1982 እና በ1984 ባሳተሟቸው አነስተኛ ጥናቶች ሩጫ የሚደጋገሙ ድርጊቶችን ለጊዜው እንደሚቀንስ አሳይተዋል፤ ቀለል ያለ የኳስ ጨዋታ ግን ይህን ያህል ለውጥ አላመጣም። በኢራን የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናትም በ30 ልጆች ላይ የካራቴ የእንቅስቃሴ ሥልጠና ተመሳሳይ ጥቅም እንዳለው ዘግቧል። ጥናቶቹ በቁጥር አነስተኛ ልጆችን የያዙ ቢሆኑም አቅጣጫቸው አንድ ነው።

ሁለተኛ፣ ለሌሎች ልጆች በቂ የሆነው ማበረታቻ ኦቲዝም ላለበት ልጅ ላይበቃ ይችላል። «ለጤናህ ይጠቅምሃል» የሚለው ቃል ሩቅና ረቂቅ ነው። «ጎበዝ!» የሚለው ጭብጨባም ለአንዳንዱ ልጅ ሽልማት መሆኑ ቀርቶ የሚያስደነግጥ ጩኸት ይሆንበታል። በዐይን የሚታይ፣ በእጅ የሚዳሰስ ነገር ለእንዲህ ያለው ልጅ የበለጠ ግልጽ ነው።

ሦስተኛውን ነጥብ ብዙዎቻችን አናስተውለውም። የኮከብ ሠንጠረዥ ሽልማት ብቻ አይደለም፤ ካርታም ነው። አምስት ሣጥን ተሥሎ ሁለቱ ከሞሉ ልጁ ሦስት እንደቀረው ያያል። ይህ ነገር መቼ እንደሚያልቅ ያውቃል። ኤሪክ ሾፕለር እ.ኤ.አ. በ1972 በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና የመሠረተው ቲች የተባለው ፕሮግራም አንዱ ምሰሶ ይኸው ነው፦ ሥራው ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሆነ፣ መቼ እንደሚያልቅና ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ልጁ በዐይኑ እንዲያይ ማድረግ። ስለዚህ አንድ ልጅ በሠንጠረዥ ሲንቀሳቀስ ብስኩቱ ነው ያንቀሳቀሰው ወይስ ግልጽነቱ? ሁለቱን አብረን ሰጥተን ምስጋናውን ሁሉ ለብስኩቱ መስጠት የሙያ ስንፍና ነው። ማወቂያው ቀላል ነው፤ ለአንድ ሳምንት ሠንጠረዡን ያለ ብስኩቱ መሞከር።

አንደኛው ነቀፌታ፦ ሽልማት ከምርመራ ቀድሟል

ትኩሳት ያለበት ልጅ ሲመጣ ምንጩን ሳንፈልግ ማስታገሻ ሰጥተን ብንሸኘው ባልደረቦቻችን ይወቅሱናል። አለመንቀሳቀስን ግን ያለ ምርመራ እናክማለን። «ኦቲዝም ስላለበት ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር ምርመራውን ይዘጋዋል።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። በአሜሪካ ከ11,000 በላይ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ወላጆች የሞሉት መጠይቅ ተተንትኖ እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመው ጥናት መሠረት 87 በመቶ የሚሆኑት ልጆች የእንቅስቃሴ ቅንጅት ችግር ሊኖርባቸው እንደሚችል ታይቷል፤ ፊዚዮቴራፒ ያገኙ የነበሩት ግን ከሲሶ ያነሱ ነበሩ። እንዲህ ያለው ልጅ ኳስ የማይቀበለው ኳስ ስለማይወድ ላይሆን ይችላል፤ እጁ በጊዜው ስለማይደርስለት ሊሆን ይችላል። የስፖርት መምህሩ «እንደኔ አድርጉ» ሲል ሌሎቹ ልጆች ያዩትን ወደ ገዛ ሰውነታቸው ያዛውሩታል፤ እርሱ ግን ይህ ማዛወር ራሱ ይከብደዋል። ለእንዲህ ያለው ልጅ ሽልማት ማቅረብ ማንበብ ለማይችል ሰው ጋዜጣውን ካነበበ ብር እንደሚሰጠው ቃል መግባት ነው።

የስሜት ሕዋሳት ጉዳይም አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው 5ኛው የአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና ማኅበር መመሪያ ለድምፅ፣ ለብርሃን፣ ለንክኪና ለመሳሰሉት ከልክ ያለፈ ወይም ያነሰ ምላሽ መስጠትን ከኦቲዝም መለያ ምልክቶች ተርታ አስገብቶታል። የፉጨት ድምፅ፣ የሚያስተጋባ አዳራሽ፣ የስፖርት ልብስ ስፌት፣ የእኩዮች መጋፋት ለዚህ ልጅ ተራ ነገር አይደሉም።

በመጨረሻም ማንኛውም ልጅ የሚታመመውን ይህም ልጅ ይታመማል። የሆድ ድርቀት፣ የጥርስ ሕመም፣ የደም ማነስ፣ አስም፣ የሚጥል በሽታ ሁሉም ከእንቅስቃሴ ሊያግዱት ይችላሉ። የሚጥል በሽታ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ ከሌሎቹ ይልቅ አዘውትሮ ይታያል። ሕመሙን በቃል የማይነግረን ልጅ ከሚናገረው ልጅ የበለጠ እንጂ ያነሰ ምርመራ ሊደረግለት አይገባም።

ሁለተኛው ነቀፌታ፦ የምንሸልመው ነገር

በአገራችን የተለመደው ሽልማት ወይ የሚበላ ወይ የእጅ ስልክ ነው። ሁለቱም ከግቡ ጋር ይጋጫሉ።

የኔን ልጅ እንውሰድ። ሪስፔሪዶን ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ ለሚታይ ቁጣ በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ለዚህ መንገድ በጠረገውና እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመው የ101 ልጆች ጥናት መድኃኒቱን የወሰዱት ልጆች በ8 ሳምንት ውስጥ በአማካይ 2.7 ኪሎ ግራም ሲጨምሩ፣ ማስመሰያ የወሰዱት 0.8 ኪሎ ግራም ጨምረዋል። የምግብ ፍላጎት መጨመርም በጥናቱ የታየ ነው። እንግዲህ ፍላጎቱን የከፈትንበት በራሳችን መድኃኒት ነው፤ ክብደቱን ለመቀነስ እንዲንቀሳቀስ አዘዝን፤ እንቅስቃሴውን ደግሞ በብስኩት ከፈልን። ግቢውን አምስት ጊዜ መዞር የሚያቃጥለው ኃይል ብስኩቱ ከሚሰጠው ያነሰ ሊሆን እንደሚችል ለማስላት የሥነ ምግብ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ብዙዎቹ እነዚህ ልጆች የሚቀበሏቸው የምግብ ዓይነቶች ጥቂት መሆናቸው ሲታሰብ ከረሜላንና ብስኩትን የክብር ቦታ መስጠት የምግብ ችግራቸውን ያጠብቀዋል። ጥርሳቸውም አለ፤ ጥርሱን ለማስመርመር አፉን የማይከፍት ልጅ ጥርስ ሲበላሽ ምን እንደሚከተል የጥርስ ሐኪሞቻችን ያውቁታል።

ስልክም እንዲሁ ነው። የ10 ደቂቃ እንቅስቃሴን በ40 ደቂቃ መቀመጥ የሚከፍል ሰው ከቀኑ ሒሳብ ኪሳራ ላይ ነው።

ሦስተኛው ነቀፌታ፦ ከሽልማቱ በኋላ ምን ይቀራል?

ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት ሥዕል መሣል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን በሦስት ከፈሉ። አንደኛው ቡድን ቢሥል የምስክር ወረቀት እንደሚያገኝ አስቀድሞ ተነገረው፤ ሁለተኛው ሳይጠብቅ ተሸለመ፤ ሦስተኛው አልተሸለመም። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት በኋላ በነፃ ጨዋታ ሰዓታቸው ሲታዩ ሽልማት ጠብቀው የሣሉት ልጆች ለመሣል ያዋሉት ጊዜ ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ብቻ ነበር።

ክርክሩ በዚህ አላበቃም። ካሜሮንና ፒርስ እ.ኤ.አ. በ1994 ሽልማት በአጠቃላይ ውስጣዊ ፍላጎትን አይጎዳም የሚል ትንተና አቀረቡ። ዴሲ፣ ኮስትነርና ራያን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 128 ጥናቶችን ሰብስበው በቅድመ ሁኔታ የሚሰጥ ተጨባጭ ሽልማት ውስጣዊ ፍላጎትን እንደሚያዳክም፣ በልጆችም ላይ ይህ እንደሚበረታ አሳዩ። ሁለቱም ወገኖች የመረመሯቸው ጥናቶች በኦቲዝም ላይ ያተኮሩ አለመሆናቸው መታወቅ አለበት። ይሁንና ሁለቱንም ያነበበ ሐኪም አንድ ተግባራዊ ትምህርት ያገኛል፦ ያልነበረ ፍላጎትን ሽልማት ሊያጠፋው አይችልም፤ የነበረን ፍላጎት ግን ሊያጠፋ ይችላል።

ይህ ለእኛ ልጆች ትልቅ ቁም ነገር ነው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ብዙውን ጊዜ የራሱ የሆነ የእንቅስቃሴ ደስታ አለው። አንዱ በቦታው ይሽከረከራል፤ አንዱ አልጋ ላይ ይዘላል፤ አንዱ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል፤ ሌላው ጀሪካን መግፋት ይወዳል። እኛ ይህንን «የባህርይ ችግር» ብለን እንከለክልና፣ እርሱ የማይወደውን የግቢ ዙረት በብስኩት እንገዛለን። የነፃውን ምንጭ ደፍነን ውኃ በገንዘብ እንደ መግዛት ነው።

አራተኛው ነቀፌታ፦ እምቢታም ቃል ነው

በሽልማት ሥልጠና ያለፉ ኦቲዝም ያለባቸው ጎልማሶች በሚጽፏቸው ጽሑፎች አንድ ቅሬታ ይደጋገማል፦ «የተማርነው መታዘዝን ነው»። ሁሉም እንዲህ ይላሉ ማለቴ አይደለም፤ ቅሬታው ግን ጆሮ ሊሰጠው ይገባል። ከረሜላ ላሳየው አዋቂ ሁሉ የተባለውን እንዲያደርግ የተለማመደ፣ «አይሆንም» የሚልበት ቃል ወይም ምልክት ግን ያልተማረ ልጅ ለጥቃት የተጋለጠ ነው። ስለዚህ ማንኛውም የእንቅስቃሴ ዕቅድ ከኮከቡ በፊት «በቃኝ» ወይም «ልረፍ» ለማለት የሚያስችል ካርድ ወይም የእጅ ምልክት ሊኖረው ይገባል፤ ልጁ ሲጠቀምበትም ሊከበርለት ያስፈልጋል። ልጁ ዕረፍት በመጠየቁ ያገኘውን ኮከብ መንጠቅ ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው።

አምስተኛው ነቀፌታ፦ የተዘጋው በር

በአገራችን ስለ አለመንቀሳቀስ ስንናገር በር ስለ መዝጋትም መናገር አለብን። ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ ስትመሠርት ያነሣሣት የራሷ ልጅ ጉዳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፈችበት ጊዜ ድረስም ልጆቹን ከጓዳ ለማውጣት ደከመች። ዛሬም ልጃቸውን የጎረቤት ዐይን ፈርተው፣ ወይም መኪና እንዳይገጨው ሠግተው ቤት ውስጥ የሚያውሉ ወላጆች አሉ። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ላለ ልጅ የኮከብ ሠንጠረዥ ስንሰጥ ችግሩን ከማኅበረሰቡ ላይ አንሥተን በልጁ ፍላጎት ላይ እንጭናለን። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቻችን በዚህ ረገድ ከሐኪሙ የተሻለ ዕድል አላቸው፤ ቤቱን፣ ግቢውንና ጎረቤቱን በዐይናቸው ያያሉ። ወፍጮ ቤቱን እኔ ከክሊኒኬ ላየው አልችልም ነበር።

ሽልማትን እንደ መድኃኒት ማዘዝ

እንግዲህ ምን እናድርግ? የጸሐፊው ሐሳብ ሽልማትን እንደ ማንኛውም መድኃኒት እንድናዝዘው ነው፤ ይኸውም በምክንያት፣ በመጠን፣ በጊዜ ገደብና በክትትል።

ምክንያት። ከማዘዛችን በፊት አምስት ጥያቄዎች ይመለሱ። ያመዋልን? ይችላልን? ገብቶታልን? አካባቢው ያስጨንቀዋልን? ቦታና አጋዥ ሰው አለውን? ምርመራው ጫማን ማስወለቅን፣ ሲራመድና ሲቆም ማየትን፣ መገጣጠሚያን፣ ጥርስን፣ ሆድን መዳሰስንና የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች መከለስን ያካትት። ሽልማት የሚታዘዘው ለእነዚህ መልስ ከተገኘ በኋላ ልጁ እየቻለና ሳያመው መጀመር ብቻ ሲያቅተው ነው።

ምርጫ። ሽልማቱ በተቻለ መጠን ከእንቅስቃሴው ጋር የተፈጥሮ ዝምድና ይኑረው። ኮረብታው ጫፍ ላይ የሚወዳት ዥዋዥዌ ካለች፣ ወደዚያ መራመድ ሽልማቱን በራሱ ይዟል። ዴቪድ ፕሪማክ እ.ኤ.አ. በ1959 እንዳሳየው ልጁ በራሱ የሚመርጠው ድርጊት ለማይመርጠው ድርጊት ማበረታቻ ሊሆን ይችላል፤ መሽከርከር የሚወድ ልጅ ከተራመደ በኋላ ይሽከርከር። ምግብ የመጨረሻው አማራጭ ይሁን፤ ክብደት የሚጨምር መድኃኒት ለሚወስድ ልጅ ደግሞ ፈጽሞ አይታዘዝ።

እንቅስቃሴው ራሱም ይመረጥ። ለዚህ ከውጭ የሚመጣ መሣሪያ አያስፈልገንም። ሰኞ ማክሰኞን እናስብ፦ ሣጥኖቹ መሬት ላይ ተሥለዋል፤ መነሻና መድረሻው ይታያል፤ ደንቡ አይለዋወጥም፤ ተራ አለው፤ ማንም ማንንም አይነካም። ለኦቲዝም የሚመከረውን በዐይን የሚታይ ሥርዓት እኅቶቻችን በኖራና በጠጠር ሲጫወቱበት ኖረዋል። ጀሪካን መሸከም፣ ጋሪ መግፋት፣ ከእናት ጋር ገበያ ደርሶ ዘንቢል ይዞ መመለስም ለጡንቻና ለመገጣጠሚያ ጠቃሚ ነው፤ ከዚያም በላይ ልጁን ለቤቱ የሚጠቅም ሰው ያደርገዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀውና በኢትዮጵያም ተጣጥሞ የተሞከረው ሥልጠና መነሻ የሚያደርገው ጨዋታንና የቤት ውስጥ የዕለት ሥራን መሆኑ ከዚህ ጋር ይስማማል።

መጠንና ማቆሚያ። ሲጀመር ሽልማቱ ቅርብና ተደጋጋሚ ይሁን፤ በየሁለት ሳምንቱ እየራቀ ይሂድ። የማቆሚያው ቀን ከመጀመሪያው ቀን ጋር አብሮ ይጻፍ። ሽልማቱ ሲቀንስ እንቅስቃሴው ከቆመ መጠኑን ከመጨመራችን በፊት ወደ አምስቱ ጥያቄዎች እንመለስ።

ክትትል። የኮከብ ቁጥር ብቻውን አይበቃም። ፊቱ እንዴት ነው? እጁን ጆሮው ላይ ያደርጋልን? ሳይጠራ የመጣበት ቀን አለን? ለወላጅ የምንሰጠው ወረቀት ለእነዚህ ጥያቄዎችም ቦታ ይኑረው። የዚያ ልጅ እናት ወረቀቱ ያልጠየቃቸውን ሁሉ አይተው ነበር፤ እኔ ያነበብኩት የሞሉትን ሣጥን ብቻ ነበር።

ማጠቃለያ

ልጁ በልኩ ጫማ ተገዛለት፤ ቁስሉ ታከመ፤ የመድኃኒቱ መጠን ከአእምሮ ሐኪሙ ጋር ተከለሰ። የግቢው ዙረት ወፍጮ ቤቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጠዋት እንዲሆን ተስማማን። ብስኩቱ ቀረ፤ አምስቱ ሣጥኖች ግን አልቀሩም፤ መቼ እንደሚያልቅ ማወቁን ወዶታልና። እናቱ እንደነገሩኝ ልጁ ውኃ ሲፈስ ማየት ስለሚወድ አምስተኛው ዙር የጎመን መደቡን በጣሳ በማጠጣት እንዲያልቅ አደረግን። ከ3 ወር በኋላ ክብደቱ 39 ኪሎ ግራም ላይ ቆሞ ነበር። አልቀነሰም፤ ግን ቆሟል። ሩጫ ዛሬም አይወድም። አንዳንድ ቀንም እምቢ ይላል፤ እናቱም «ዛሬ በቃው» ብለው ይተዉታል።

በሌላኛው ቀጠሮ እናቱ ወረቀቱን ሳይዙ መጡ። «ረሱት እንዴ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «የለም፤ ጣሳውን ራሱ አንሥቶ ስለሚወጣ መሙላቱን ተውኩት» አሉኝ። በካርዱ ላይ የምጽፈው ቁጥር አልነበረኝም። ያንኑ ዐረፍተ ነገር ጻፍኩት።

ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ኮከብ ከመሣላችን በፊት ልጁን ጫማውን እናስወልቀው።